ሞርሳ፣ ካሊፐር፣ የውሃ ቱቦ፦ ከዋጋቸው በላይ የሚሠሩ መሣሪያዎች

አዲስ ወርክሾፕ የሚከፍት ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈሰው በሚጮኹት መሣሪያዎች ላይ ነው። ግራይንደር፣ ድሪል፣ የብየዳ ማሽን፣ ከተረፈም ኮምፕሬሰር። አያስወቅስም፤ ብረት ሳይቆረጥና ሳይበየድ በር አይሠራም። ሥራውን ለምዶ ከቆየ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ እጁ የት የት እንደሚሄድ ብታዩ፣ ማሽኑ ላይ ከሚያጠፋው ጊዜ ይልቅ ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ ተተክሎ ዕቃን በሁለት መንጋጋ ጨምቆ የሚይዘውን) ሲያጠብቅ፣ ሜትር ሲዘረጋ፣ ካሊፐር (በመንጋጋ ይዞ ውፍረት የሚለካውን) ሲያነሳ ታገኙታላችሁ። ሲገዙ ማንም ትልቅ ነገር ያልጠበቀባቸው ዕቃዎች ናቸው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማወቅ የተበላሸ ሥራ ማየት ይበቃል። ጠማማ የተቆረጠ ብረት፣ የማይገጥም በር፣ ጥርሱ የተበላ ብሎን፣ ውሃ የሚቋጥር ወለል። አንዱም ጉልበት አንሶት የተበላሸ አይደለም። ወይ ሲሠራ ተንቀሳቅሷል፣ ወይ በግምት ተለክቷል። የሚቆርጠው መሣሪያ እነዚህን ሁለቱን አያድንም፤ ፈጣን ከሆነማ ስህተቱንም ያፈጥነዋል። የሚያድኑት የሚይዙትና የሚለኩት ናቸው። እነሱ ደግሞ ለአንድ ሥራ ብቻ ስላልተወሰኑ፣ ውስጣቸው ያለውን አሠራር የተረዳ ሰው ሻጩ ያልነገረውን አገልግሎት ያወጣባቸዋል።

ከሞርሳ እንጀምር። እጀታውን አንድ ዙር ስታዞሩ እጃችሁ ሰፊ ክብ ይጓዛል፤ መንጋጋው ግን የሚጠጋው የዘንጉን አንድ ጥርስ ያህል ብቻ ነው። በቁጥር እንየው። ከዘንጉ መካከል እስከ እጃችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እጃችሁ በአንድ ዙር 125 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ መንጋጋው በዚያው ዙር 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ጉዞው 250 ጊዜ አጠረ፤ በጉዞ የጠፋው በጉልበት ይካካሳል። 15 ኪሎ ያህል ብትገፉ በወረቀት ላይ ከ3,700 ኪሎ በላይ ይወጣል።

በወረቀት ላይ ያልኩት ሰበቃ ከግማሽ በላዩን ስለሚበላው ነው። ከአምስት እጅ አንዱ ብቻ መንጋጋው ላይ ቢደርስ እንኳ 750 ኪሎ ነው፤ የአንድ በሬ ክብደት ያልፋል። ሰበቃው የሚበላው ጉልበት ደግሞ ከንቱ አይቀርም። እጃችሁን ስትለቁ ሞርሳው ወደ ኋላ የማይመለሰው በእሱ ነው። እንዲህ ራሱን የሚቆልፍ ጥርስ ከተሰጠው ጉልበት ከግማሽ በላይ ሊያስተላልፍ አይችልም፤ የበለጠ የሚያስተላልፍ ቢሆን ኖሮ ስትለቁት በራሱ ይፈታ ነበር።

ይህን ያየ ሰው ሞርሳን እንደ መጫኛ ማሽን (ፕሬስ) መጠቀም ይጀምራል። ቦኮላ (ዘንግ የሚያልፍበት ቀለበት) ከቤቱ፣ ማለትም ከሚቀመጥበት ቀዳዳ፣ ለማስወጣት ወይም ለማስገባት፣ የክሮቸራ (የመኪና ዘንግ መገጣጠሚያ መስቀል) ቆብ ለመግፋት፣ ትንሽ ኩሽኔታ (ዘንግ በኳሶች ላይ የሚዞርበት ድርብ ቀለበት) ለማስገባት ሁለት የቡሶላ (የክብ መፍቻ) ራሶች ይበቃሉ። ከሚወጣው ዕቃ ትንሽ ያነሰው ይገፋል፣ የሚበልጠው ከወዲያ ሆኖ ይቀበላል። በመዶሻ ቢመቱት አንድ ጎኑ ቀድሞ ይገባና ይጠማል፤ ሞርሳ ግን ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ያስገባዋል። ኩሽኔታ ስታስገቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ግፊቱ ማረፍ ያለበት ከሚጠብቀው ቀለበት ላይ ነው። ዘንግ ላይ የሚገባ ከሆነ የውስጡን፣ ቤት ውስጥ የሚገባ ከሆነ የውጩን ግፉ። ከተሳሳታችሁ ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ ዓይን የማያየው ጉድጓድ ይተውና ኩሽኔታው ከተገጠመ በኋላ መጮህ ይጀምራል።

ላሜራ ማጠፍም እንዲሁ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ አንግል ብረቶች መንጋጋው ላይ አድርጋችሁ ላሜራውን በመካከላቸው ካጠበቃችሁ፣ በእንጨት መዶሻ እየመታችሁ ንጹሕ ጠርዝ ታወጣላችሁ። የዛገ ዳዶ (ብሎን ላይ የሚጠመዘዘው ማጥበቂያ) ሲያስቸግር ደግሞ ነገሩን ገልብጡት። ዳዶውን በሁለት ጠፍጣፋ ጎኖቹ ሞርሳው ይያዘውና ረጅሙን ዕቃ እናንተ አዙሩት። መፍቻ ቁልፍ የዳዶውን ጠርዝ የሚበላው ስለሚንሸራተት ነው፤ ሞርሳ አይንሸራተትም።

ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሞርሳ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው። ይህ ብረት ጭነትን ችሎ ይሸከማል፤ ምትንና መለጠጥን ግን አይወድም፣ ሳይታጠፍ በቀጥታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እጀታው ላይ ቱቦ ቀጥሎ ማጥበቅ ሞርሳውን መግደል ነው። መንጋጋው ላይ መቀጥቀጥም እንደዚያው፤ ከኋላው ለዚህ የተዘጋጀ ጠፍጣፋ መቀጥቀጫ ካለው እዚያ ላይ ምቱ። ዕቃውን በመንጋጋው አንድ ዳር ብቻ መያዝ ሌላው የተለመደ ጥፋት ነው፤ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ይጠማል፣ ዕቃውም ይለቃል። በሌላው ዳር ያንኑ ውፍረት ያለው ቁራጭ ጣል ማድረግ መድኃኒቱ ነው። ለስላሳ ዕቃ ስትይዙ ደግሞ ከአሉሚኒየም አንግል የተቆረጡ ሁለት ቁራጮችን መንጋጋው ላይ አልብሱ። ጠረጴዛው ላይ ስትተክሉት ከፍታው ክርናችሁ ላይ ይድረስ፤ የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጠረጴዛው ጠርዝ በጥቂቱ ወጣ ይበል፤ አለዚያ ረጅም ብረት ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ማንጠልጠል አትችሉም። በየሠፈሩ የማየው ሞርሳ ግማሹ ወደ ውስጥ ገብቶ የተተከለ ነው፣ ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ወደ ካሊፐር፣ ነባር የቶርኖ ሠራተኞች ካሊብሮ ወደሚሉት። ብዙ ሰው የሚያውቀው የውጭ ስፋት ሲለካ ብቻ ነው። ከላይ ያሉት ትንንሾቹ መንጋጋዎች የቀዳዳን ስፋት ይለካሉ፤ ከጭራው የምትወጣው ቀጭን ዘንግ ጥልቀት ትለካለች። አራተኛውን ግን ለዓመታት የያዙትም ሰዎች አያውቁትም፤ የሁለቱ መንጋጋዎች የፊት ጠርዞች፣ አንዱ ከፍ ያለው ላይ ሌላው ዝቅ ያለው ላይ ሲያርፉ፣ የደረጃን ከፍታ ይለካሉ።

ባትሪ የሌለው ካሊፐር ከሚሊ ሜትር በታች ያለውን እንዴት ያነብባል? ብልሃቱን በ1631 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ብራስልስ ውስጥ ያሳተመው ፈረንሳዊው ፒየር ቬርኒየር ነው። በቋሚው ላይ ተራ ሚሊ ሜትር አለ። በተንሸራታቹ ላይ ደግሞ 10 ክፍል አለ፤ ግን አሥሩ ክፍሎች በድምሩ የሚይዙት 9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ክፍል 0.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቋሚው ሚሊ ሜትር በ0.1 ያንሳል። ተንሸራታቹ ከዜሮ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሄድ፣ ከቋሚው መስመር ጋር የሚገጥመው ሦስተኛው መስመር ይሆናል፤ 0.7 ቢሄድ ሰባተኛው። የገጠመውን መስመር ቁጥር ማንበብ ብቻ ነው። 50 ክፍሎችን በ49 ሚሊ ሜትር ላይ የደረደረው ዓይነት በዚሁ ስሌት 0.02 ሚሊ ሜትር ድረስ ይወርዳል። ነገሩ የሚሠራው በዓይናችን ጠባይ ነው። ዓይን የሚሊ ሜትርን ሰባት አሥረኛ መገመት ይቸግረዋል፤ ሁለት መስመሮች በአንድ ቀጥታ መሆን አለመሆናቸውን ግን እጅግ በሚገርም ስለት ይለያል። ቬርኒየር ዓይን የማይችለውን ጥያቄ ወደሚችለው ጥያቄ ለወጠው።

ይህ ለኪስ ምን ይጠቅማል? ላሜራ ስትገዙ ሻጩ 1.2 ነው ይላችኋል። በእጅ ቢነኩት 1.2ና 0.9 አይለያዩም። የተቆረጠውን ጠርዝ በሊማ ጠረግ አድርጋችሁ (የተቆረጠ ጠርዝ ሁልጊዜ ጥፍር ያወጣል፣ ውፍረቱንም ያሳብጣል) ካሊፐሩን አስገቡ። 0.9 ከሆነ የከፈላችሁበት ብረት ሩቡ የለም። ጉዳቱ ግን በሩብ አይቆምም። ላሜራ እንዳይታጠፍ የሚቋቋምበት ጥንካሬ በውፍረቱ ሦስተኛ ደረጃ ብዜት ይወጣል ይወርዳል። ውፍረቱ 0.75 እጅ ሲሆን ጥንካሬው 0.75 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 0.42 ገደማ ይሆናል፤ ከግማሽ በታች። በሩ ሲዘጋ እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳው ለዚህ ነው።

ፌሮ ላይ ግን ካሊፐር ብቻውን ያሳስታል። ፌሮ ጎንና ጎኑ ላይ ጉብታ አለው፤ ጉብታው ላይ ብትለኩ ይበዛል፣ ከጉብታው መካከል ብትለኩ ያንሳል። እዚህ ላይ ከካሊፐሩ የሚበልጠው የሱቅ ሚዛን ነው። የፌሮው ቁጥር (ውፍረቱ በሚሊ ሜትር) በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። 12 ቁጥር ከሆነ 144 ሲካፈል ለ162፣ 0.89 ኪሎ ገደማ፤ የ12 ሜትር አንድ ቤርጋ 10.7 ኪሎ ያህል መመዘን አለበት። 162 ከየት መጣ ለሚል፦ አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ይመዝናል፤ የክቡን ስፋት ቀመር ከዚህ ጋር አጣምራችሁ ሚሊ ሜትሩን ወደ ሜትር ስትቀይሩ የሚቀረው አካፋይ ነው። 12 የተባለው በእውነት 11 ከሆነ ቤርጋው ወደ 9 ኪሎ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ቀላል ትመስላለች፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ጭነት የሚሸከመው ብረት ግን 16 በመቶ ጎደለ ማለት ነው። ከጥቂት ቤርጋ አንድ አንድ ሜትር ቆርጦ መመዘን የሚጠይቀው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በእርግጥ ደረጃው ራሱ በክብደት ላይ ጥቂት ልዩነት ይፈቅዳል፤ አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ሲጎድል ግን ዝም የሚባል አይደለም።

ካሊፐርን የሚያሳስተው ትልቁ ነገር እጅ ነው። መለኪያው መስመር ያለው በግንዱ ላይ፣ ዕቃው የሚያዘው ደግሞ በመንጋጋው ጫፍ ነው። ጠንክራችሁ ከጫናችሁ ተንሸራታቹ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ጫፉ ላይ በያዛችሁት መጠን ስህተቱ ይጨምራል። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1890 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያስቀመጠው ሕግ ይኸው ነው፤ የሚለካው ነገርና የመለኪያው መስመር በአንድ ቀጥታ ላይ ካልሆኑ ትንሿ ማዘንበል ስህተት ትሆናለች። በተቻለ መጠን ዕቃውን ወደ ግንዱ አስጠግታችሁ፣ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ለኩ።

ከወርክሾፕ ወጥተን ወደ ግንባታ ቦታ እንሂድ። በረጅም ርቀት ደረጃ ለማስተካከል፣ ለምሳሌ የቤቱን አራት ማዕዘን በአንድ ከፍታ ለማመልከት፣ ግንበኛ የሚያወጣው ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ነው። የሌዘር መሣሪያ ያላቸው ሲያዩት ይስቃሉ። ስሌቱን ካያችሁ ግን ሳቁ አያዘልቅም። ተራ ውሃ ልክ (አረፋ ያለበት ደረጃ ማያ) ብዙውን ጊዜ በአንድ ሜትር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። ደረጃውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እያሸጋገራችሁ 12 ሜትር ከሄዳችሁ፣ ስህተቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ርቀት አያውቅም። የረጋ ውሃ ሁለቱም ጫፉ ለአየር ክፍት ከሆነ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፤ ቱቦው መሬት ላይ ተጠማዞ ይተኛ፣ ግድግዳ ይዙር፣ ወዲያኛው ክፍል ይግባ ግድ የለውም። ሌዘር ግድግዳ አያልፍም፤ ቱቦ በበሩ ይገባል።

የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው አየር ነው። በቱቦው ውስጥ የተቋጠረ አረፋ የውሃውን ዓምድ ይቆርጠዋል፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል አይቆሙም፣ ሥራውም ሳይታወቅ ይጠማል። ስለዚህ ከቧንቧ በግፊት አትሙሉት፤ ከፍ ካለ ባልዲ ወይም ጄሪካን ሳብ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን አቁማችሁ እኩል መሆናቸውን እዩ። ሁለተኛው አውራ ጣት ነው። ስትንቀሳቀሱ ውሃው እንዳይፈስ ጫፉን መድፈን ልክ ነው፤ ስታነብቡ ግን ሁለታችሁም ልቀቁ። ሦስተኛው ፀሐይ ነው፣ እሱን የሚያስብ ጥቂት ነው። የሞቀ ውሃ ይቀላል። በ20 ዲግሪና በ40 ዲግሪ ባለ ውሃ መካከል የክብደት ልዩነቱ 0.6 በመቶ ገደማ ነው። አንዱ ጫፍ ጥላ ውስጥ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይህን ያህል ከሞቀ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ቢሆን 6 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። መሬት ላይ የተኛው ክፍል ቢሞቅ ግን ምንም አያመጣም፤ ደረጃውን የሚወስነው ቀጥ ብሎ የቆመው ውሃ ነውና። ጠዋት መለካት ይሻላል።

ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ብዙ ቤት ገብቷል፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ግን ባትሪ ለማየትና ሽቦ ተቆርጦ እንደሆነ በድምፅ ለመስማት ነው። ድምፁ ያታልላል። መቶ ክር ያለው ገመድ 99ኙ ተበጥሶ አንዱ ቢቀር ቴስተሩ "ጢጥ" ይላል፤ ለእሱ መንገዱ አለ። ሞተሪኖ (የመኪና ሞተር ማስነሻው) የሚስበው ግን 150 አምፔርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በዛገ ማያያዣ ላይ 0.01 ኦም ብቻ ቢኖር፣ ያ ቁጥር በተራ ቴስተር አይነበብም፤ በ150 አምፔር ሲባዛ ግን 1.5 ቮልት ይበላል። ባትሪው ደህና፣ ሞተሪኖው ደህና፣ መኪናው አይነሳም።

ዘዴው ጭነት ባለበት ጊዜ መለካት ነው። ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት አድርጉ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ራሱ ላይ (ማያያዣው ላይ አይደለም)፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ገመድ መግቢያ ብሎን ላይ ያዙና ሰው ቁልፍ ያዙር። ቴስተሩ የሚያሳየው በመንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት በታች ከሆነ መንገዱ ደህና ነው። ከዚያ ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ አካል እንደዚሁ ለኩ። ብዙ መካኒክ ይህን ሁለተኛውን ይዘልለዋል፤ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ያው ሐሳብ ቤት ውስጥም ይሠራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ በ220 ቮልት 15 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ሶኬቱ ውስጥ በላላ ብሎን ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ቢኖር፣ 7.5 ቮልት እዚያ ይጠፋል፤ የጠፋው ደግሞ ከ110 ዋት በላይ ሙቀት ሆኖ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ምጣዱ ሲበራ ሶኬቱ የሚሞቀውና የሚሸተው በዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ሙያ የሌለው ሰው ሶኬቱን አይክፈት፤ ቆጣሪው ጠፍቶ ባለሙያ ያጥብቀው። ቴስተሩን በተመለከተም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀዩ ገመድ 10 አምፔር በተጻፈበት ቀዳዳ ተሰክቶ ሳለ 220 ቮልት ለመለካት ሶኬት ውስጥ ማስገባት፣ ሁለቱን የሶኬት ቀዳዳዎች በሽቦ ማገናኘት ነው።

ረጅም ካቻቢቴ ደግሞ ጆሮ ይሆናል። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሯችሁ ፊት ባለው አጥንት ላይ ስታሳርፉ፣ በአየር የማይሰማው የኩሽኔታ ጩኸት ጥርት ብሎ ይመጣል። ከብረት ወደ አየር ሲሻገር አብዛኛው ድምፅ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካቻቢቴው ያንን መሻገሪያ ያስቀረዋል። ከቺንጋና (ከሚዞረው ቀበቶና) ከማራገቢያ ግን ራቁ።

አሮጌ መሣሪያ ከምናለሽ ተራ ለሚገዛ ሰው የመጨረሻ ጥቂት ፍተሻዎች። ካሊፐሩን ዘግታችሁ ወደ ሰማይ ያዙት፤ በመንጋጋዎቹ መካከል ብርሃን ካለፈ ተበልቷል፣ ዜሮውም ዜሮ ላይ መግጠም አለበት። ውሃ ልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አረፋው የት እንደቆመ አስተውሉ፤ ቦታውን ሳትቀይሩ ፊቱን አዙራችሁ መልሱት፤ አረፋው ወደዚያው አቅጣጫ ካልሄደ ጠማማው ጠረጴዛው ሳይሆን ውሃ ልኩ ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በኦም አነካክታችሁ ገመዱን እያወዛወዛችሁ ቁጥሩ ከዘለለ ገመዱን ቀይሩ። ሞርሳውን ግማሽ ድረስ ክፈቱና ተንቀሳቃሹን መንጋጋ ወደ ላይና ወደ ታች አወዛውዙት፤ ጥቂት መንቀጥቀጥ አለ፣ ብዙ ከሆነ አትግዙ። ከዚያ ቀለም የተቀባበትን ቦታ በደንብ እዩ፤ አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ሞርሳ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተበየደ ስንጥቅ ይዟል።